ሊትየም ባትሪ፣ የሐረማያ ብርድና የሦስት ወር ልምዴ

ዛሬ ጠዋት ሐረማያ ላይ ሞተሬ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ኅዳር ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ አርባ ደቂቃ ስታገል ቆይቼ በመጨረሻ በባጃጅ ነው ሥራ የሄድኩት።

ቤቴ ድሬ፣ ሳቢያን ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ግን ለሥራ ሐረማያ አድራለሁ። ሞተሯ 250 ሲሲ ናት፣ በጨረታ የገዛኋት፣ ኪክ የላትም። ባትሪው እምቢ ካለ በቃ፣ እግር ማንሻ የለም። አሲድ ባትሪ ደግሞ የድሬ ሙቀት እየፈጀው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላልኝም ነበር። ስለዚህ ሊትየም ገዛሁ። የድሮው ሦስት ኪሎ ገደማ ነበር፣ ይሄኛው አንድ ኪሎ አይሞላም። መጠኑ ስለሚያንስ ከሥሩ ስፖንጅ አደረግሁ፣ መጀመሪያ ፖዘቲቩን ቀጥሎ ኔጋቲቩን አሰርኩ፣ አለቀ። ድሬ ላይ ገና ስነካት ትነሳለች። ለሁሉም ሰው "ግዙ፣ ግዙ" እያልኩ ነበር።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ከድሬ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ከታች በቲሸርት ተነስተህ ላይ ስትደርስ ጃኬት ትፈልጋለህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ገደማ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስልኬ 6 ዲግሪ ይላል። ወንበሯ በጤዛ ረጥቧል። ቁልፍ ከፈትኩ፣ ዳሽቦርዱ በራ። ስታርት ስጫን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያዞረው ማስነሻ) አንዴ እህህ ብሎ ቆመ። ደግሜ ስጫን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ። ቴስተር አወጣሁ፤ 13.2 ቮልት! አሲድ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ 12.7 ነው የሚያሳየው። ባትሪው ሞልቷል፣ ግን አይሰጥም። የግቢው ጥበቃ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጡና "ልጄ፣ በርዷት ነው። ፀሐይ ይንካት፣ ትነሳለች" አሉኝ። እሺ አልኳቸው እንጂ አልሰማኋቸውም። መግፋት ጀመርኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ አልተነሳችም። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ስመለስ ግን ፀሐይ ሲመታት አርፍዶ በመጀመሪያው ንኪ ተነሳች። ጋሼ ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማጥናት የጀመርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ላይ የምንገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስልክ ውስጥ ካለው ይለያል፣ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም። ሲበርድ ግን ውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቮልቱ ሙሉ ይመስላል፣ ሞተሪኖው ብዙ አምፒር ሲጠይቀው ግን ቮልቱ ዱብ ይላል። የእኔ ስታርት ስጫን ከ13.2 ወደ 8.9 ይወርድ ነበር። ሞተሯ ኢንጄክሽን ስለሆነች፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር ስለምትረጭ፣ በዚያ ቮልት ኮምፒውተሩም የነዳጅ ፓምፑም በደንብ ላይሠሩ ይችላሉ።

ደስ የሚለው ግን ይሄ ነው። ያ ተቃውሞ ያስቀረው ኃይል ሌላ ቦታ አይሄድም፣ እዚያው ባትሪው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሲሞቅ ተቃውሞው ይቀንሳል፣ የሚቀጥለው ሙከራ ይጠነክራል። አሲድ ባትሪ በብርድ ባስጮህከው ቁጥር ይደክማል፣ ስለዚህ ሁላችንም መቆጠብ ለምደናል። ሊትየም ተቃራኒው ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ ማሠራት አለብህ። እኔ "ባትሪውን ላድነው" እያልኩ ስቆጥብ ነበር በብርዱ ያስቀረሁት።

አሁን የማደርገው፣ ቁልፍ ከፍቼ የፊት መብራቱን ሁለት ሦስት ደቂቃ አበራለሁ። ጃኬቴንና ጓንቴን የማደርገው ያኔ ነው። መብራቱን አጠፋለሁ፣ ስታርት ሦስት ሴኮንድ ያህል እጫናለሁ። ካልተነሳች ግማሽ ደቂቃ ጠብቄ እደግማለሁ። በቴስተር ሳየው መጀመሪያ 10.1፣ ሁለተኛው ላይ 10.8 ያሳያል፣ በዚያ ትነሳለች።

ደቂቃውን ግን አታብዙት። እኔ አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ገብቼ መብራቱን ሃያ ደቂቃ ረሳሁት። የፊት መብራቴ 55 ዋት ነው፣ 4.5 አምፒር ገደማ ይስባል። በሦስት ደቂቃ የሚበላው ከባትሪዬ 8 በመቶ አካባቢ ነው፣ በሃያ ደቂቃ ግን ከግማሽ በላይ። ያን ቀን ያልተነሳችው በብርድ ሳይሆን በእኔ ነው።

እዚህ ላይ የምናደድበት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "9" ተጽፏል። ያ ከአሲድ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር ሞተር የማስነሳት ጉልበቱ ነው እንጂ የያዘው መጠን አይደለም። በትንሹ የተጻፈውን ፈልጉት፤ የእኔ 36 ዋት ሰዓት ይላል። ለ12.8 ቮልት ስታካፍሉት 2.8 አምፒር ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ሳላይ ነው የገዛሁት። ሌሊት ብርድ ላይ የምታሳድሩ፣ ቦታው ከበቃ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ ትልቁ በብርድ ብዙም አይወርድም። ብር ለመቆጠብ ትንሹን መግዛት ለድሬ ይሆናል፣ ለሐረርና ለሐረማያ አይሆንም። ገፍቶ ማስነሳትንም በበኩሌ ትቻለሁ። ኢንጄክሽን ላይ ድካሙ ይበዛል፣ ችግሩን ደግሞ ይደብቅብሃል።

ስለ ቻርጅ ባጭሩ። ሞተሯ ተነስታ ጋዝ ሰጥታችሁ ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ፣ 14 ከምናምን መሆን አለበት። የእኔ 15.2 ይል ነበር፣ ሬጉሌተሩን (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ቀየርኩ። ይሄ ከብርዱ ይልቅ ባትሪ ይገድላል። የአሲድ ባትሪ "ማደሻ" ያለው ቻርጀርም አታስጠጉት፣ ከፍ ያለ ቮልት ይለቅበታል። ጋራዥ ስትሰጡ ሊትየም መሆኑን ንገሩ፣ እኔ ሳልናገር ሰጥቼ ሌሊቱን በአሲድ ቻርጀር አሳድረውታል። ደግነቱ ተርፏል፣ ግን የድሮ ጉልበቱ እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም።

የሚቀጥለው ሳምንት ባትሪውን ፈትቼ ሌሊት ክፍል ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ሁለት ብሎን ብቻ ነው። ጠዋት ስገጥመው የመጀመሪያው ቮልት ስንት እንደሚሆን መዝግቤ እነግራችኋለሁ። ሐረር ላይ ውጭ የምታሳድሩ ካላችሁ፣ ስታርት ስትጫኑ ስንት እንደሚወርድ ለክታችሁ ጻፉልኝ፤ የባትሪውን ዋት ሰዓትም አትርሱ።