ፎሌ ናፍጣ አይቆጥብም

ከባህር ዳር በሃይሩፍ፣ ጣሪያዋ ከፍ ባለው ሚኒባስ፣ እቃ የምንጭን ሰዎች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ መኪናህስ ስንት ትበላለች ነው። ይሄ አይገርምም፣ ሐምሌ 2014 ላይ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ገደማ ነበር፣ ጥር 2017 ላይ 100 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ያውም ተሰልፈህ ካገኘኸው ነው። ሰው ሊትር ቢቆጥር እውነቱን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጠባ እየተባለ የሚደረገው ነገር ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት ሲመጣ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ። ብዙ ጎበዝ ልጆች ይሄን እንደ ሙያ ነው የሚያዩት።

እስቲ ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውን እንየው። ማርሽ አስገብታችሁ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፣ ስለዚህ ናፍጣ አያስፈልገውም ይቋረጣል። በኮምፒውተር የሚሰራው ዲፎርዲ ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን፣ ናፍጣ የሚረጩትን ማለት ነው፣ ይዘጋል፣ የድሮው ፋይቭ ኤል ሞተር ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ውስጥ ያለው ገቨርነር፣ የናፍጣ መቆጣጠሪያው፣ ያንኑ ስራ ይሰራል፣ ስለዚህ "የኔ አሮጌ ነው አይመለከተኝም" አይባልም። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩን የሚያዞርለት የለም፣ እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ ቆሞ እንደሚሰራበት በዝቅተኛ ዙር፣ ናፍጣ እየወሰደ ነው የሚወርደው። እንደኛ አይነት ሞተር በሚኒሞ ሲሰራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በፎሌ የወረደው ሰውዬ ናፍጣ እያቃጠለ ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ የወረደው ምንም አያቃጥልም።

አሁን አባይ በረሃን አስቡት። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በዛች ርቀት ወደ 1400 ሜትር ትወርዳላችሁ። ባዶዋ 18 ኩንታል የምትመዝን መኪና 12 ኩንታል ጭናችሁባት ሶስት ቶን ሆናለች እንበል፣ ሶስት ቶን 1400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፣ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል፣ ሌላ መሄጃ የለውም። በፎሌ ስትወርዱ ሁሉንም ለፍሬን ሸራ አሸከማችሁት ማለት ነው።

ድልድዩ አካባቢ ቆመው ፍሬን የሚያበርዱ መኪኖች ሁሌም አይጠፉም። አንዴ አንድ ልጅ ከፊት ጎማው ጭስ እየወጣ በሃይላንድ ውሃ ቸርኬው ላይ ሊደፋ ሲል ደረስኩና ተው አልኩት፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፣ ዝም ብሎ በአየር ይብረድ። ሽታው እስካሁን አይረሳኝም፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው አፍንጫ የሚሰረስር። "ጋሼ ናፍጣ ለመቆጠብ ብዬ እኮ ነው" አለኝ። ፔዳሉን ርገጠው እስቲ አልኩት፣ ሲረግጠው እስከ ወለሉ ነው የገባው። የፍሬን ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይፈላል፣ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ከዛ የፈለግከውን ያህል ብትረግጥ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ረዳቱ ጎኑ ድንጋይ ይዞ ቆሞ ነበር፣ አስራ ሰባት አስራ ስምንት አመት ቢሆነው ነው። ለነሱ ነው ይሄን የምጽፈው።

ከዚህም የባሰ አለ፣ ቁልፉን ዘግቶ የሚወርድ። ወገኖቼ ይሄን በፍጹም አታድርጉ። የናፍጣ መኪና ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም፣ የአየር መምጠጥ ጉልበቱ፣ የሚመጣው ሞተሩ ከሚያዞረው ፓምፕ ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሶስት ጊዜ ስትረግጡት እገዛው ያልቃል ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል።

እውነቱን ለመናገር ፎሌ ሩቅ የሚያስኬድበት ቦታ የለም አልልም፣ ዝም ያለ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይዞ መኪናው ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መልሶ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል፣ እዛ ላይ ፎሌ ትንሽ ያተርፋል። ግን ትርፉ በጠብታ የሚቆጠር ነው፣ እጁ አንዴ ከለመደው ደግሞ ገደል ላይም ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ናፍጣው የት ይቆጠባል? አንደኛ ፍጥነት። ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ያለውን የፎገራ ሜዳ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ይከብዳል። በ80 ስትሄዱ የሚገፋችሁ ነፋስ በ100 ስትሄዱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፣ ሃይሩፍ ደግሞ ቁመቷ እንደ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው የእቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው፣ ላይ እቃ ከቆለላችሁባት ይብሳል። ባዶ ስትመለሱ ፖርቶ መጋላውን ማውረድ የሚቻል ከሆነ አውርዱት።

ሁለተኛ የናፍጣ ፓምፕ ማስከፈት የሚባለው ነገር። ባህር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፣ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከዛም በላይ፣ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባው፣ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሹፌሩ "ዳገት አልወጣ አለች" ብሎ ጋራዥ ይሄዳል፣ መካኒኩ ፓምፑ ላይ ያለችውን ብሎን ጠምዝዞ ናፍጣውን ይጨምርለታል። ጉልበት ትንሽ ይጨምራል፣ ግን አየሩ ያው ስለሆነ የተጨመረው ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም፣ በጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ከኋላ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ሃይሩፍ ካያችሁ የባለቤቱ ብር ነው የሚጨሰው። ፓምፕ ከማስነካታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጡና እዩት፣ ፒስታ መንገድ የምትሰሩ በተለይ፣ ብዙ ጊዜ በአቧራ ተደፍኖ ነው።

የጎማ ንፋስ በጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፣ ልኩ ሹፌሩ በር ጋ ተለጥፏል። ገበያ ላይ ሲጫንም ሞተር ይጥፋ።

አንድ ነገር ለባለንብረቶች። ልጆቹ ፎሌ የሚወርዱት ወደው አይደለም፣ ብዙዎቻችሁ "ደርሶ መልስ ይሄን ያህል ሊትር፣ ከዛ በላይ ካንተ" ብላችሁ ነው የምትልኳቸው። 12 ኩንታል ጭኖ ከድልድዩ ጎሃ ጽዮን መውጣት ለዳገቱ ብቻ ሶስት አራት ሊትር ይጠይቃል፣ ባዶ ለሚወጣው ደግሞ ከሁለት ሊትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በአንድ ልክ አትቁረጡላቸው። ደብተር ይኑራችሁ፣ ሁሌ አንድ ማደያ አንድ ፓምፕ ላይ ማሽኑ ራሱ እስኪዘጋ ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ የጫነውን ኩንታልና የሄደበትን መስመር ጎኑ ጻፉ። የጎንደሩን ከጎንደር ጋር፣ የአዲስ አበባውን ከአዲስ አበባ ጋር፣ የተጫነውን ከተጫነው ጋር አወዳድሩ። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከዘለለ ሹፌሩን ሌባ ከማለት በፊት ፊልትሮውን፣ ኢንጀክተሩንና የታሰረ ፍሬን እንዳለ አሳዩ።