አድሚራል ኒሚትዝ፣ ሰው መምረጥ የሚያውቀው አዛዥ

ስለ ጦር መሪ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጀግንነት ነው፣ ማን ከፊት ሆኖ ተዋጋ፣ ማን ቆስሎም አልመለስም አለ፣ ማን ፎከረ። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ትልልቆቹን ውጊያዎች ከቢሮ ሆኖ የመራ ሰው ነው፣ አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የፓሲፊክ ባህር ኃይል ከፐርል ሃርበሩ ውርደት ማግስት ተረክቦ ጃፓን እጅ እስከሰጠችበት ቀን ድረስ የመራው እሱ ነው፣ መጨረሻ አካባቢ በስሩ ወደ 2 ሚሊዮን ሰው ነበር። ሚድዌይ የምትባለው የፓሲፊክ ደሴት ላይ ሲዋጉ ግን መርከብ ላይ አልነበረም፣ የብስ ላይ ቁጭ ብሎ ሬድዮ ነበር የሚጠብቀው። ታዲያ ምኑ ነው ትልቅ ያደረገው ካላችሁ፣ ሰው መምረጥ ያውቅ ነበር፣ የመረጠውን ያምናል፣ ያመነው ሰው ሲያቅተው ደግሞ ወዳጁም ቢሆን ያነሳዋል። እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ዲሴምበር 7፣ 1941 ጃፓኖች ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባህር ኃይል ወደብ ፐርል ሃርበርን በድንገት ሲመቱ 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ፣ ወደቡ ላይ የነበሩት 8 ባትልሺፖች (ትልልቅ መድፍ የጫኑ የጦር መርከቦች) አንዳቸውም ሳይመቱ አልቀሩም፣ 4ቱ ሰመጡ። አዛዡ አድሚራል ኪመል ተነሳ። በሱ ቦታ የተሾመው ኒሚትዝ ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ የባህር ኃይሉን የሰው ኃይል መስሪያ ቤት ነበር የሚመራው፣ ማን የት ይመደብ፣ ማን ይሾም የሚለውን የሚወስነው ክፍል ማለት ነው። ሲቪል ለብሶ፣ በሌላ ሰው ስም፣ በባቡር አገር አቋርጦ ከዛ በአውሮፕላን ፐርል ሃርበር የደረሰው የገና ዕለት ጠዋት ነው። ውሃው በነዳጅ ጠቁሯል፣ ትናንሽ ጀልባዎች ገና አስከሬን እየለቀሙ ነው። ዲሴምበር 31 ስልጣኑን የተረከበው ግሬይሊንግ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ላይ ቆሞ ነው፣ እሱ ራሱ የሰርጓጅ ሰው ነበር፣ የፐርል ሃርበርን የሰርጓጅ ሰፈር በ1920 የሰራውም እሱ ነው።

እንግዲህ የኪመል መኮንኖች ምን ይጠብቁ እንደነበር አስቡት። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል የሚባለው፣ አዲስ አለቃ ሲመጣ የድሮውን ጠራርጎ የራሱን ሰዎች ያስገባል፣ በዛ ላይ እነዚህ ሰዎች አገር ያዋረደ ሽንፈት የደረሰው በነሱ ጊዜ ነው። ሁሉም ሻንጣውን ጠቅልሎ ነበር በሆዱ። ኒሚትዝ ሰበሰባቸውና እንደሚተማመንባቸው ነገራቸው፣ እዚህ እንድትመደቡ ያደረገው እኔ የምመራው መስሪያ ቤት ነው፣ ጎበዞች ባትሆኑ አትመጡም ነበር፣ የትም አትሄዱም የሚል ነበር መልእክቱ። እኔ ከጦርነቱ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ የሞተን ሞራል ማስነሳት። ከነዛ መኮንኖች መሀል የስለላ ኃላፊው ኤድዊን ሌይተን ነበር፣ ጥቃቱን አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይገባው የነበረው ክፍል አለቃ ማለት ነው፣ ማንም ሌላ አዛዥ መጀመሪያ የሚያባርረው እሱን ነው። ሌይተን ራሱ መርከብ ላይ መድቡኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ኒሚትዝ እምቢ አለው። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ከጎኑ አቆየው፣ በ1945 ሚዙሪ መርከብ ላይ ጃፓኖች እጅ መስጠታቸውን ሲፈርሙ ሌይተን እዛው ነበር።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ካልን፣ አንዱ ምክንያት የራሱ ታሪክ ይመስለኛል። በ1908 ገና ወጣት መኮንን ሆኖ ፊሊፒንስ ባታንጋስ አካባቢ ዲኬተር የምትባለዋን ዲስትሮየር (አነስ ያለች የጦር መርከብ) ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ መሬት አስነክቷት ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በባህር ኃይል ዓለም መርከብ መሬት ማስነካት ማለት ብዙ ጊዜ የስራ ዘመን ማብቂያ ነው። እሱን ግን በጽሁፍ ወቅሰው አለፉት፣ ብዙም ሳይቆይ እድገት አገኘ። በአንድ ስህተት ሰው ቢጣል ኖሮ ኒሚትዝ የሚባል አድሚራል አይኖርም ነበር፣ እሱም ይሄን የረሳ አይመስልም።

ሌላው ደግሞ ሁሉ ሰው የሰመጡትን መርከቦች እያየ ሲያለቅስ እሱ ያልተነካውን ያያል። 4.5 ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ የያዙት ማጠራቀሚያዎች አልተመቱም፣ የጥገና ጋራዦቹ አልተመቱም፣ የሰርጓጅ ሰፈሩ አልተመታም፣ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹም ዕለቱን ወደብ ላይ አልነበሩም። በነዚህ ነው ጦርነቱን የቀጠለው።

አሁን ወደ ሚድዌይ። ፐርል ሃርበር አንድ ቢሮ ምድር ቤት ውስጥ ጆሴፍ ሮሽፎርት የሚባል መኮንን ከሰዎቹ ጋር ቀን ከሌት የጃፓን ኮድ ይሰብራል። ምድር ቤቱ ይበርዳል፣ ሰውዬው በዩኒፎርሙ ላይ ጋዋን ደርቦ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የሚሰራው፣ ከሚጠለፈው መልእክት ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። በ1942 ጸደይ ላይ ጃፓኖች ኤኤፍ ብለው የሚጠሩትን ቦታ ለማጥቃት እየተዘጋጁ እንደሆነ ደረሱበት፣ ሮሽፎርት ሚድዌይ ነው አለ፣ ዋሽንግተን ያሉት ባለሙያዎች ግን አልተስማሙም። ከዛ ዘዴ ተዘየደ። ሚድዌይ ደሴት የባህር ውሃ የሚያጣራው መሳሪያ ተበላሽቶብናል ብሎ በግልጽ ሬድዮ እንዲያወራ በባህር ስር ኬብል በምስጢር ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ጃፓኖች ኤኤፍ ውሃ አጥሮታል ብለው ለራሳቸው ሰዎች ሲያስተላልፉ ተያዙ። አለቀ፣ ኤኤፍ ሚድዌይ ነው።

ግን ለአዛዡ አላለቀም። ጃፓኖች አውቀው እያታለሉት ቢሆንስ? ያለችውን ጥቂት መርከብ ሁሉ ሚድዌይ ልኮ ሃዋይ ብትመታስ? ኒሚትዝ ሌይተንን የት፣ መቼ፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ ቁርጡን ንገረኝ ብሎ ወጠረው፣ ሌይተንም ጁን 4 ጠዋት፣ ከሰሜን ምዕራብ በ325 ዲግሪ፣ ከሚድዌይ 175 ማይል ላይ ብሎ ተናገረ። ዕለቱ ደርሶ ቃኚዋ አውሮፕላን ጃፓኖቹን ስታይ የሌይተን ግምት የሳተው በ5 ደቂቃ፣ በ5 ዲግሪና በ5 ማይል ብቻ ነበር፣ ኒሚትዝ ራሱ ነው ይሄን ለሌይተን የነገረው። እና ይሄ ሰው እኮ ከስድስት ወር በፊት መባረር ነበረበት የሚባለው ሰው ነው!

የኒሚትዝ ስራ ግን መረጃ መስማት ብቻ አልነበረም። ሜይ መጀመሪያ ላይ ራሱ ሚድዌይ ድረስ ሄዶ መሬቱን አይቶ፣ አዛዦቹን ምን ያስፈልጋችኋል ብሎ ጠይቆ ልኮላቸዋል። ዮርክታውን የምትባለዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ኮራል ባህር ላይ በቦምብ ተመትታ ሜይ 27 ፐርል ሃርበር ስትገባ ጥገናዋ ሶስት ወር ሊፈጅ ይችላል ተብሎ ነበር። መጠገኛው ውስጥ ውሃው ገና ተመጥጦ ሳያልቅ ኒሚትዝ ረጅም ቦቲ አጥልቆ ከመሀንዲሶቹ ጋር ገባና ከታች ሆኖ ሆዷን አየ፣ ከዛ ይህቺን መርከብ በሶስት ቀን እፈልጋታለሁ አለ። ከሺ በላይ ሰራተኛ ሌት ተቀን ተረባረበባት፣ ሜይ 30 ወጣች። ሙሉ በሙሉ ድና አይደለም፣ ግን አውሮፕላን ታስነሳለች፣ በቃ። ይህቺ አንዷ መርከብ ናት የአሜሪካኖቹን ተሸካሚ ከ2 ወደ 3 ያደረገችው፣ ከጃፓን 4 ጋር ሊገጥሙ ነው።

በዚህ መሀል ደግሞ ዋናው ተዋጊው አድሚራል ሃልሲ በቆዳ በሽታ ሆስፒታል ገባ። በኔ ቦታ ስፕሩዋንስን አድርጉት አለ። ስፕሩዋንስ የክሩዘር (ከባትልሺፕ አነስ ያለ የጦር መርከብ) አዛዥ ነው፣ አውሮፕላን አብራሪ አይደለም፣ ዝምተኛ ነው። ኒሚትዝ ተቀበለ። ለሱና ዮርክታውን ላይ ላለው አድሚራል ፍሌቸር የሰጣቸው ትእዛዝ በጣም አጭር ሀሳብ ነው፣ የተሰላ አደጋ ውሰዱ፣ ማለትም ጠላትን የበለጠ እንደምትጎዱት ጥሩ ተስፋ ከሌላችሁ በቀር በቁጥር ለሚበልጣችሁ ጠላት ራሳችሁን አታጋልጡ። እንዴት እንደሚዋጉ አልነገራቸውም። ይሄን ትእዛዝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ኃላፊነት መስጠትም ገደብ ማስቀመጥም አንድ ላይ አለበት።

ጁን 4 ጠዋት መጀመሪያ የገቡት የቶርፔዶ አውሮፕላኖች አለቁ፣ ቶርፔዶ ስኳድሮን 8 የሚባለው ቡድን ከተሸካሚዋ ሆርኔት ያስነሳቸው 15 አውሮፕላኖች አንድም ሳይቀሩ ወደቁ፣ ከ30 ሰው አንድ ብቻ ተረፈ። ከዛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ከላይ ቦምብ ጣዮቹ ደረሱ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የጃፓን ተሸካሚዎቹ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ በእሳት ተያያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሂርዩ። ዮርክታውንም አልተረፈችም። ማታ ላይ ስፕሩዋንስ የሸሸውን ጠላት በጨለማ ማሳደድ ትቶ ወደ ምስራቅ ፈቀቅ አለ፣ በዚህ ፈሪ ነው ብለው የወቀሱት ነበሩ፣ ግን የጃፓን ባህር ኃይል አዛዥ ያማሞቶ ከነባትልሺፖቹ ለሌሊት ውጊያ እየመጣ ነበር። ኒሚትዝ ከፐርል ሃርበር ሆኖ አሳድድ ብሎ አልነዘነዘውም። እዛ ያለው ሰው ነው የሚያየው። ሬድዮ እጁ ላይ ላለ አለቃ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እምነቱ ግን ጭፍን አልነበረም። ኦገስት 1942 ደቡብ ፓሲፊክ ያለችው ጓዳልካናል ደሴት ላይ የአሜሪካ ወታደር ወረደ፣ በማግስቱ በሁለተኛው ሌሊት ሳቮ ደሴት አጠገብ በአንድ ጨለማ ከአሜሪካኖቹ ወገን 4 ከባድ ክሩዘሮች ሰመጡ፣ ከ1,000 ሰው በላይ አለቀ። የአካባቢው አዛዥ አድሚራል ጎርምሊ የኒሚትዝ የቆየ ወዳጅ ነው፣ ከጓዳልካናል ርቆ ኒው ካሌዶኒያ ውስጥ ኑሜያ ወደብ መርከቡ ላይ ተቀምጦ በስራ ብዛት ተጨናንቋል፣ ጓዳልካናልን አንድ ቀን እንኳ ረግጧት አያውቅም። ኒሚትዝ ወሬ ሰምቶ አልፈረደም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ራሱ ኑሜያ ሄዶ ጎርምሊን አየው፣ ከዛ በቢ17 አውሮፕላን ጓዳልካናል ገብቶ፣ ጃፓኖች በየቀኑ የሚደበድቡት ቦታ ላይ አድሮ፣ የማሪኖቹን አዛዥ ቫንደግሪፍትን አነጋግሮ፣ ጠዋት ለወታደሮቹ ሜዳሊያ ሰጥቶ ተመለሰ። ኦክቶበር 18 ጎርምሊ ተነሳ፣ ሃልሲ ተተካ፣ የወታደሩ ደስታ ልክ አልነበረውም። ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ውሳኔው ምን ያህል እንዳስጨነቀው ገልጿል። ከወራት በኋላ ደግሞ ጎርምሊን ሃዋይ ላይ ሌላ ኃላፊነት ላይ እናገኘዋለን። አልተጣለም፣ ከማይችለው ቦታ ነው የተነሳው፣ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በነገራችን ላይ ከዛ ጦርነት የተረፈ አንድ ነገር ምጽዋ ድረስ መጥቷል። በ1962 አሜሪካ ለኛ ባህር ኃይል በውሰት የሰጠችን "ኢትዮጵያ" የተባለችው ያኔ ትልቋ የነበረችው መርከባችን ድሮ ኦርካ ትባል ነበር፣ በ1944 ፊሊፒንስ ሌይቴ አካባቢ የባህር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የነበረች ናት። የድሮ የባህር ኃይላችን አባላት ስለሷ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፣ እኔም ስሟን በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ኒሚትዝን ስወደው ግን ጉድለቱን አልሸፍንም። ሴፕቴምበር 1944 ሃልሲ ፔሌሊዩ ደሴትን መያዝ አያስፈልግም፣ እንለፈው ሲል ኒሚትዝ አልሰማም፣ ወታደሩ ገብቶ 1,800 አካባቢ አሜሪካውያን ሞቱ፣ ደሴቲቱ ያን ሁሉ ደም የምታስከፍል እንዳልነበረች ብዙ የታሪክ ሰው ይስማማል፣ እኔም እንደዛ ነው የማስበው። ከሱ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን ሮሽፎርት ነው። ሚድዌይን ያሸነፈው የዛ ምድር ቤት ስራ ነው፣ ኒሚትዝም ይሄን አውቆ ለሮሽፎርት ከፍተኛ ሜዳሊያ እንዲሰጠው ጽፎ ነበር፣ ዋሽንግተን ያለው በግምቱ የተሸነፈው ቢሮ ግን ተቃወመ፣ የባህር ኃይሉ የበላይ አዛዥ አድሚራል ኪንግም ተስማማ፣ ሜዳሊያው ተከለከለ። ይባስ ብሎ በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሮሽፎርትን ከፐርል ሃርበር አንስተው ከኮድ ጋር ምንም ከማይገናኝ ስራ፣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ማዘዝ ላይ መደቡት። ለሌይተን የቆመው ሰው፣ ለሚችል ሰው ቦታ መስጠትን ያን ያህል የሚያውቀው ኒሚትዝ፣ እዚህ ላይ ከዋሽንግተን ጋር እስከ መጨረሻው መፋለም ነበረበት። ሜዳሊያው የተሰጠው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ሮሽፎርት ከሞተ አስር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።