«ነዳጅ» አይበቃም፣ «ቤንዚን» በል

የመጀመሪያው ጠዋት ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት። ሞተሩ በአንደኛው ተነስቶ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁትም። ስደግመው ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ አወጣ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቡና እየቆላች ነበር። «ገና ሳታድር ሰበርካት?» አለችኝ።

ምን ላድርግ፣ እጄ የናፍጣ እጅ ነው። 14 ዓመት የነዳሁት ናፍጣ ነው። እሱ ላይ ቁልፉን ግማሽ ታዞራለህ፣ ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ስታስነሳው አባይ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ መውጣትህን ያውቃል። ይቺ ግን የምትጠበቅ መብራት የላትም። ተነስታም ዝም ነው። መነሳቷን የማረጋግጠው የዙር መቁጠሪያውን አይቼ ነው።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። አንድ ጋቢና፣ ባለ 5 ማርሽ፣ 4 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ነው የገዛኋት፤ የወንበሩ ላስቲክ አልተቀደደም ነበር። አሁንም አልተቀደደም፣ ባለቤቴ አትነካውም ብላለች። ሥራዬ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ሩዝ ጭኖ ባሕር ዳር ላሉ ሱቆች ማድረስ ነው። ድሮ በኪራይ መኪና ነበር፤ ትርፉን ኪራዩ ይበላው ነበር።

ቤንዚን ለምን ገዛህ ያላለኝ ሰው የለም። መልሱ አጭር ነው፤ ናፍጣዎቹ ገና ሳይገቡ ባለቤት ነበራቸው። ይቺ ፈላጊ አጥታ ሻጩ ግቢ ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር። ዋጋዋ ደግሞ ከናፍጣ እህቷ በደንብ ወረድ ይል ነበር። በልዩነቱ ስንት ጊዜ እንደምሞላ ቁጭ ብዬ አሰላሁና ገዛሁ። ስሌቱ ውስጥ ያላስገባሁት ነገር ነበር። እሱን እመጣበታለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ 30 ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ መጥተው ኮፈኑን አስከፈቱኝና ብዙ ቆዩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሞተሩ ጎበዝ ነው። ግን ጠጪ ነው። ጠጪ ደግሞ ጠላ ሲጠፋ ነው የሚያስቸግረው» አሉኝ። ሳቅሁ። ቶሎ መሳቅ አልነበረብኝም።

ከአዲስ አበባ ይዣት ስመጣ መጀመሪያ የገረመኝ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ መኪናዋ ራሷን ያዘች። ቤንዚን ሞተር ላይ እግርህን ስታነሳ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩ አየር እያጣ ጎማውን ይጎትትልሃል። ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና የፍሬን ሽታ እየለቀቀ ሲወርድ እኔ ፍሬን የረገጥኩት ለመጠምዘዣ ብቻ ነው።

ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እንደ ናፍጣ ቶሎ ቶሎ ማርሽ እየለወጥኩ በዝቅተኛ ዙር ላወጣት ሞከርኩ፤ ተንቀጠቀጠችብኝ። የዚህ ሞተር ጉልበት ወደ 4,000 ዙር ቀረብ ሲል ነው የሚመጣው። የለመድኩት ናፍጣ በ2,000 ገደማ ሥራውን ጨርሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ ማስጮህ ነው። ጆሮዬ «ሞተሩን ገደልከው» እያለኝ እጄን ማስለመድ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ሮዳጅ ላይ፣ ማለትም አዲሱ ሞተር እየተላመደ፣ ስለነበረች የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር በአንድ ዓይነት ፍጥነት አልነዳኋትም፣ ሙሉ ጭነትም አልጫንኳትም። ሩዝ ነጋዴዎቹ ይስቁብኝ ነበር። ላንድክሩዘር ይዞ 3 ኩንታል የሚጭን ሰው አይተው አያውቁም።

ሳትጫን ደግሞ ትዘላለች። ኋላዋ ባሌስትራ ነው፣ ለጭነት የተሠራ። እሑድ ባለቤቴን ጊዮርጊስ ላድርስ ብዬ ኮረኮንቹን ስጀምር «እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ» አለችኝ፤ አዲስ መኪና ገዝቼ። ጎሚስታ ጋ ሄጄ ባዶ ስሆን የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ መቀነስ ጀመርኩ፤ ስጭን እመልሳለሁ። ተሻላት። 10 ኩንታል ስትጫን ግን እንደ ቤት መኪና ናት።

ሐምሌ ላይ ፎገራ ሜዳ ውስጥ አንድ ገበሬ ቤት ድረስ ገብቼ ወልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ያዘኝ። ወልካ ክረምት ላይ ጎማውን ጭቃ አልብሶ ክብ ድንጋይ ያደርግሃል። የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲጎትቱ ቆለፍኳቸው፣ ከባዱን ማርሽ አስገባሁ፣ ከዚያ በድሮ ልማዴ ነዳጅ ሰጠሁ። ጎማው ባዶውን ዞሮ እስከ አክሱ ቀበረኝ። ናፍጣ ቢሆን ነዳጅ ሳትሰጠው እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ ይሄ ሲነካ ይቸኩላል። ስድስት ጎረምሶች ገለባ አንጥፈው ገፉኝ። ያወጣኝ ሁለተኛ ማርሽና ነዳጁን በእግር አውራ ጣት ብቻ መንካት ነው። ከጎማው ላይ ጭቃውን በማረሻ ብረት ስንልጥ አንዱ ልጅ «ደግሞ አፍንጫዋ ቀሊል ነው» አለ። ልክ ነው፤ ቤንዚን ሞተሩ ከናፍጣው ይቀላል፣ ፊቷ ያን ያህል አልሰመጠም ነበር።

አሁን ወደ ጠጪነቱ። ደብተር ይዣለሁ። ሙሉ አድርጌ እነሳለሁ፣ እንደገና ስሞላ የገባውን ሊትር በሄድኩት ኪሎ ሜትር ላይ አስባለሁ። ባዶ ስሆን በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። 10 ኩንታል ጭኜ 5። ጓደኛዬ ናፍጣዋን ይዞ በዚያው መንገድ በዚያው ጭነት ከ7 እስከ 8 ያገኛል። ለነገሩ አያስገርምም። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ጉልበት ራሱ ከቤንዚን አሥር በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ሞተሩም አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨምቆ ነው የሚያቃጥል፣ የእኔው 10 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ጣና ዳር ቁጭ ብለህ ሜዳ ላይ ያለህ ይመስልሃል እንጂ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከስድስት አንድ ያህል ጉልበቱን ከባሕር ወለል ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። ደብረ ታቦር ዳገት ላይ 8 ኩንታል ጭኜ በሦስተኛ እያስጮህኩ ስወጣ ባለ ቱርቦ አይሱዙ ጡሩምባ እየነፋ አለፈኝ። ረዳቱ እጁን አውለበለበልኝ።

በሌላ በኩል የሞተር ዘይቱ ከድሮው ናፍጣዬ ግማሽ በትንሽ ቢያልፍ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ የሚቀየርበት ቀንም የለም፤ ውስጡ ሰንሰለት ነው።

ስሌቴ ውስጥ ያላስገባሁት ወረፋውን ነው። ናፍጣ ሲጠፋ የምትሰለፈው ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ጋር ነው። ቤንዚን ሲጠፋ የምትሰለፈው ከባጃጅ ጋር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ስንት እንደሆነ ከተማውን የረገጠ ያውቀዋል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ቤንዚን ጠፋ። ወረታ ጭነት ይጠብቀኛል። የእህቴን ልጅ ጠራሁና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰጠሁት። «ሂድ፣ ከየትም ብለህ ነዳጅ ፈልገህ አምጣ» አልኩት። አዎ፣ ከጥቁር ገበያ ነው፤ አልዋሽም። ልጁ በሁለት ሰዓት ውስጥ እየሳቀ መጣ። ዝናብ ነው፣ እኔን ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬ አይሠራም። ሃይላንድ ቆርጠን ማንቆርቆሪያ አደረግንና ገለበጥነው።

ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ሦስት ኪሎ ሜትር አልሄድኩም። መጀመሪያ ሳል የመሰለ ነገር። ከዚያ መንቀጥቀጥ። በመስታወት ሳይ ኋላዬ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፍኖታል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሯ መብራት በራች። ጠፋች። እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት፤ አምስት ስድስቴ ደጋግሜ ለማስነሳት ታገልኩ።

መካኒኩ በባጃጅ መጣ፣ ዕቃውን በጆንያ ይዞ። ኮፈኑን አልከፈተም። ጀሪካኑን አነሳ፣ ሥሩ ላይ የቀረችውን ጠብታ ጣቱ ላይ አንጠባጠበ፣ በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ እጄን ያዘና የእኔን ጣት በእሱ ላይ አሸው። «ቤንዚን ቢሆን ቀዝቅዞህ አሁን በደረቀ። ይሄ ቅባት ነው።»

ናፍጣ ነው። 20 ሊትር ናፍጣ።

ልጁን ምን ነካህ ስለው ዓይኑን አፍጥጦ «ጋሼ፣ ነዳጅ አልከኝ። ላንድክሩዘር ፒካፕ ደግሞ ናፍጣ ነው» አለኝ። ምን ትለዋለህ? ዕድሜ ልኩን ያየው ላንድክሩዘር ፒካፕ ሁሉ ናፍጣ ነው። «ነዳጅ» ያልኩት እኔ ነኝ። በእኛ አፍ ነዳጅ ሁለቱም ነው።

መኪናዋ ተጎትታ ገባች። ጋኑ ተራገፈ፣ መስመሩ ታጠበ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ተቀየረ። እሳት የሚጭሩት ስድስቱ ካንዴላዎች ተፈተው ጨርቅ ላይ ተደረደሩ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከወጥ የወጡ ይመስላሉ። አንድ ቀን ተኩል ሥራ ቀረ። የተራገፈውን ድብልቅ መካኒኩ ዕቃ ማጠቢያ አደረገው። «ደግሞ ዕድለኛ ነህ» አለኝ፤ «ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ብታደርግ ኖሮ ፓምፑን ይበላው ነበር። ናፍጣው ለፓምፑ ቅባቱም ነው።» ስታል ወዲያው አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ካንዴላዎቹ እንኳ እንዲያ አይሆኑም ነበር፤ ይሄንንም ነገረኝ፣ ሁለቴ።

በነጋታው የነዳጅ መክደኛዋ ላይ በቀይ ቀለም «ቤንዚን ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። የእህቴ ልጅ ነው ቀለሙን የያዘልኝ። «ብቻ» የምትለዋን እሱ ነው ያስጨመረኝ።

ጀሪካን አበቃ። አሁን ቤንዚን ሊመጣ ነው ሲባል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጋቢዬን ለብሼ እሰለፋለሁ። ከፊቴ ባጃጅ፣ ከኋላዬ ባጃጅ፣ መሐል ላይ እኔ እንደ በሬ በፍየል መንጋ። መጀመሪያ ሰሞን ያጉረመርሙ ነበር። አንዱ ወጣት ጀበና ቡናዋን ይዛ ከምትዞረው ልጅ ሲኒ እየተቀበለ «የአንተ ጋን ስንት ይይዛል?» አለኝ። 130 አልኩት። የባጃጁ ጋን 8 ሊትር ነው። ጣቱን እየቆጠረ አሰበ። «አሥራ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ብቻህን አሥራ ስድስት ባጃጅ ነህ!» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ግን ያ ጋን ነው ያተረፈኝ። ወረታ ደርሶ መልስ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስሄድ ባዶ፣ ስመለስ ጭኜ፣ 21 ሊትር አካባቢ ይበቃኛል። ሙሉ ካገኘሁ ስድስት ጉዞ ነው። ባጃጆቹ በየቀኑ ሲሰለፉ እኔ በሳምንት አንዴ። ማደያው ኮታ ሲያደርግ ግን ሁላችንም እኩል ነን።

ትናንት ስደርስ ሰልፉ አስፋልቱን ዞሮ ነበር። ገና መብራቴን ሳጠፋ ከፊት አንድ ድምፅ፦ «አሥራ ስድስት መጣ! ዛሬ ለማንም አይደርሰንም!» ያው ወጣት ነው። ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቦታ አስለቀቀልኝና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ጋሼ፣ ማታ የማጓጉዛት አንድ ቁም ሳጥን አለችኝ። ባጃጅ ላይ እምቢ አለች።»