ሊንች ላለባችሁ ሴቶች፦ የማህፀን ባዮፕሲ ከመግባታችሁ በፊት

ይሄን የምፅፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እናቴ የማህፀን፣ አጎቴ ደሞ የአንጀት ካንሰር ይዟቸው ነበር፤ የጂን ምርመራ ሳደርግ ኤምኤስኤች2 የሚባለው ጂን ላይ ችግር ተገኘ፣ ሊንች ሲንድረም፤ በዘር የሚወረስ፣ የማህፀንና የአንጀት ካንሰር እድልን ከፍ የሚያደርግ ችግር ነው። ወላጅ ካለበት ልጅ የመውረስ እድሉ 50 በመቶ ነው፣ ወንድም ሴትም። ደም መስጠቱ፣ ውጤት መጠበቁ ምናምን ቀላል ነው፣ አያስፈራችሁ።

የከበደኝ ባዮፕሲው ነው። መጀመሪያማ "አልትራሳውንድሽ ንፁህ ነው" ብለው ሊሸኙኝ ነበር። ፔሬድ የምታይ ሴት የማህፀኗ ግድግዳ በየጊዜው ስለሚወፍርና ስለሚሳሳ አልትራሳውንድ ብቻውን ለኛ ብዙም አይጠቅምም፣ ፓፕ ስሚርም የሚያየው የማህፀን በርን ነው። ተከራክሬ ባዮፕሲ ታዘዘልኝ። "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል" አሉኝ። ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር አስገብተው ከግድግዳው ናሙና ሲስቡ ግን ምጥ ነው የመሰለኝ፣ ደቂቃዎች ብቻ ቢሆንም ላብ አጠመቀኝ፣ ማስታገሻ ስጠይቅ ደሞ "ሌሎቹ ችለውታል" ተባልኩ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል፣ ህመም ችሎ ማለፍ ፈተና ነው እንዴ? ይባስ ብሎ ውጤቱ "ናሙናው በቂ አይደለም" ብሎ መጣ፣ እነሱም በቃ የዛሬ ዓመት ተመለሺ አሉኝ! ያልታየ ነገር እንዴት እንደ ንፁህ ይቆጠራል? ካልተደገመ አልሄድም አልኩ፣ ተደገመ።

ሁለተኛው ከኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ጋር በአንድ ማደንዘዣ ተሰራልኝ፣ ምንም አልተሰማኝም። ኮሎኖስኮፒ ለኛ በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ስለሚታዘዝ ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ቀድማችሁ የሚዋጥ ማስታገሻና የማህፀን በር ማደንዘዣ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የህክምና መመሪያዎቹ የማህፀን ባዮፕሲው ምርመራ ህይወት እንደሚያተርፍ አልተረጋገጠም ይላሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ከ30 እስከ 35 ዓመት ባለው ጊዜ ጀምራችሁ በየ1 ወይም 2 ዓመቱ አድርጉት እላለሁ፣ የሌላ ሴት በማህፀን ካንሰር የመያዝ እድል 3 በመቶ ገደማ ሲሆን የኛ እንደ ጂኑ እስከ ግማሽ ይደርሳልና። ከፔሬድ ውጪ ወይም ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ ደሞ ባለፈው ንፁህ ነበር ብላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዛው ሳምንት ሂዱ።

እኔ ወልጄ ስለጨረስኩ 40 ዓመት ላይ ማህፀኔንም ኦቫሪዬንም (እንቁላል የሚያመርተውን) ለማስወጣት ወስኛለሁ። ኦቫሪ ሲወጣ ማረጥ ባንዴ ስለሚመጣ ስለ ሆርሞን ምትክ ህክምና ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው መነጋገር ያለባችሁ።