ዓሣው ላይ አታቁሙ

ለአንድ ልጅ «ዮናስን ታውቀዋለህ?» በሉት። ዓሣ እንደዋጠው፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሆዱ ውስጥ እንደቆየ፣ ከዚያ እንደተፋው ይነግራችኋል። በቃ፣ ታሪኩ አለቀ። መጽሐፉ ግን አራት ምዕራፍ አለው። ዓሣው ዮናስን ሲተፋው ገና ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነን።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ዘዴዬ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ዋናው ነገር ግን አንድ ነው፤ ታሪኩን እንዳለ መንገር። ሲሉት ቀላል ይመስላል።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ የባሰ ፈተና አለብን። ስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ያሉት እኛው አገር ነው። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ሰው እንኳ ወርቅ ፍለጋ ይቸኩላል። ገና ታሪኩ ሳይነገር «ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ይመጣል። መጻሕፍት የሚያስተምሩትን የኔታን ስለዚህ ጠይቄያቸው ነበር። «ሰሙን በቅጡ ያልነገረኝ ተማሪ ወርቁን አገኘሁ ቢለኝ አላምነውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምሠራው ሰሙን ነው።

እንዲህ ነው የምዘጋጀው። ሰሞኑን የምነግረውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነባለሁ፤ ማብራሪያ አልገልጥም። በማግስቱ እደግመዋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ ቡና ሲፈላ ለባለቤቴ እተርክላታለሁ። እሷ ታዲያ ዝም ብላ የምትሰማ ሰው አይደለችም። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ትላለች። ተመልሼ አያለሁ። አንዳንዱ ከመጽሐፉ ነው። አንዳንዱ ከአንድምታ የሰማሁት ነው። አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሥዕል ያየሁት ነው። ከየትም ያልመጣ፣ ዝም ብሎ ሲወራ የኖረም አለ። የሊቃውንቱን ትርጓሜ ለልጆቹ «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ብዬ ለይቼ እነግራቸዋለሁ። ዝም ብሎ ሲወራ የኖረው ግን የቱንም ያህል ቢያስቅ ይወጣል።

ዮናስን የማስተምረው ጾመ ነነዌ ከሚገባበት ሰኞ በፊት ባለው እሑድ ነው። ጾሙ ሦስት ቀን ስለሆነ እቤታቸውም ወሬው አለ። ዓሣውን ቶሎ አሳልፈዋለሁ። ጊዜዬን የምሰጠው ለአራተኛው ምዕራፍ ነው። ነነዌ ዳነች፣ ነቢዩ ተናደደ። ከከተማዋ ወጥቶ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ። እግዚአብሔር ቅል አበቀለለት፣ ጥላ አገኘ፣ ደስ አለው። በማግስቱ ትል መታው፣ ቅሉ ደረቀ፣ ፀሐይ አናቱን መታችው፣ «ሞት ይሻለኛል» አለ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። የሚያኮርፍ ነቢይ ሰምተው አያውቁማ! ቀጥሎ የእግዚአብሔር ጥያቄ ይመጣል፤ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳትም ላሉባት ከተማ አላዝንምን? መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

እኔም እዚሁ አቆማለሁ። አንዲት ልጅ «ከዚያስ?» አለችኝ። «አልተጻፈም» አልኳት። «ታዲያ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ?» ብላ ተቆጣች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ «ከብቶቹ እንኳ ጾመዋል እኮ፤ እሱ ግን አኩርፏል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የንጉሡ አዋጅ ለከብቶችና ለበጎችም ነበር። ክርክሩ እስከ ቤታቸው ዘለቀ። እኔ ለዮናስ ንስሓ ፈጥሬለት ቢሆን ኖሮ ማን ይከራከር ነበር?

ሩትን ለአጨዳ ወቅት አቆያታለሁ። ከከተማው ዳር የሚመጡት ልጆች ነዶም አውድማም ስለሚያውቁ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መጀመሪያ ዘሌዋውያን 19ን እነግራቸዋለሁ። ባለ እርሻው ዳር ዳሩን ጠርጎ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለእንግዳ እንዲተው ታዟል። ሩት ሁለቱም ናት፤ ድኻም፣ ከሞዓብ የመጣች እንግዳም። ባለ እርሻው ቦዔዝ ደግሞ ከሕጉ አልፎ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ። ማታ የቃረመችውን ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል ስላቸው አንዱ የገበሬ ልጅ «ይሄማ ቃርሚያ አይደለም፣ ምርት ነው!» ብሎ ጮኸ። አማቷ ኑኃሚንም ገብሱን ስታይ ወዲያው «ዛሬ የት ቃረምሽ?» ነው ያለችው። ልጁ እሷ የገባትን ያለ እኔ ማብራሪያ አገኘው።

ግን ልክ አለው። ልጆቹ በሚያውቁት ነገር አስረዳለሁ እንጂ ቤተ ልሔምን ደብረ ማርቆስ አላደርጋትም። የእኛ አጨዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ የእነሱ ገብስ የሚታጨደው በፋሲካ ሰሞን ነው። ይህንን እነግራቸዋለሁ።

ሌላው የተውኩት ነገር «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የቱንም ታሪክ ብትነግሯቸው መልሱ «መታዘዝ» ነው፤ አፋቸው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አሁን «ማን ተናገረ? ለማን? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» እላለሁ። አንዱ ልጅ ይተርካል፣ ሌሎቹ «ዘለልክ!» እያሉ ይይዙታል። ከእኔ የበለጠ ጨካኞች ናቸው።

ቀጥሎ ዳዊት አለ። ለትልልቆቹ ነቢዩ ናታን የድኻውን አንዲት በግ ታሪክ ይዞ የመጣበትን፣ 2ኛ ሳሙኤል 12ን እያዘጋጀሁ ነው። ዳዊት ያስገደለው የወታደሩ የኦርዮን ነገር ምን ያህል እንደምናገር ከየኔታ ጋር ገና እየተነጋገርንበት ነው። ለትንንሾቹ ጎልያድ ይበቃል። እሱንም ቢሆን በወንጭፉ አልጀምርም፤ ዳዊት ሳኦል ፊት ቆሞ በጎቹን ከአንበሳና ከድብ እንዴት እንዳስጣለ ከተናገረበት እጀምራለሁ።