ፋብሪካ የሌለው ከተማ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያሉትን ሱቆች እዩ። ሚኒ ማርኬት፣ ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ አሁንም ፀጉር ቤት። የሚመረት ነገር ከፈለጋችሁ በርና መስኮት የሚበይዱትን ልጆች ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ውጪ ብዙም የለም።

ዳግላስ ጎሊን የሚባል ኢኮኖሚስት ከሬሚ ጄድዋብና ከዲትሪክ ቮልራት ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለውን «የፍጆታ ከተማ» ይለዋል። ድሮ ከተማ የሚያድገው ገበሬው ፋብሪካ ሲገባ ነው ይባል ነበር። እነሱ ግን ነዳጅና ማዕድን የሚሸጡ አገሮች ያለ ፋብሪካም ከተሞቻቸው እንደሚያብጡ አሳዩ፤ ገንዘቡ ይገባል፣ ሰው ይከተለዋል፣ ሥራው ግን በአብዛኛው ንግድና አገልግሎት ሆኖ ይቀራል።

እኛ ነዳጅ አንሸጥም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኛ ነዳጅ መሬት ነው (ዘመድ ከውጭ የሚልከው ዶላርም አይረሳ)። ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ፎቅ በቀለ፣ ገበሬው ካሳውን ተቀብሎ ጨረሰ፣ ልጁ አሁን እዚያው ፎቅ ሥር ጥበቃ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እኮ ሩቅ አይደለም! ግን በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የንግድ ዕድል) አስወጣችን፤ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፋ ለነበረ ፋብሪካ ይህ ቀላል ምት አልነበረም።