ቦምቡርን ሊቀሰቅስ የተመለሰው ሌባ

ሰሞኑን ማታ ማታ ለእህቴ ልጅ የቶልኪንን የልጆች ልብ ወለድ «ሆቢት»ን ጮክ ብዬ ሳነብለት ነበር። ትናንት ጨረስን። ጨረስን ከምል ተጣላን ብል ይቀላል።

ልጁን ያናደደው የዘንዶው አሟሟት ነው። «ቢልቦ አይደለም እንዴ የሚገድለው?» አለኝ። አይደለም። ያን ሁሉ ተራራና ጫካ አቋርጦ የመጣው ዋናው ገጸ ባሕሪ ቢልቦ፣ ዘንዶው ስማውግ ሲሞት ቦታው ላይ እንኳ የለም። ዘንዶውን በቀስት የሚጥለው ባርድ የሚባል ሰው ነው። ባርድ ደግሞ ገና በዚያው ምዕራፍ ብቅ ያለ ሰው ነው። እርግጥ ቢልቦ ዘንዶውን እያሞጋገሰ ሆዱን እንዲያሳየው አድርጎ፣ ደረቱ በግራ በኩል ክፍት ቦታ እንዳለው አይቷል። ያንን ወሬ ለባርድ ያደረሰችው ወፍ ናት። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ልጁ ግን ንቅንቅ የለም። «በቃ ዋናው ሰውዬ ምንም አልሠራም» ብሎ ተኛ።

በልጅነቴ ቢሆን እኔም የማስበው እንደሱ ነው። አሁን ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው የቀረሁት።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ ቢልቦ ባጊንስ 50 ዓመት የሆነው፣ ምቾቱን የሚወድ፣ ሆቢት የሚባል ቁመቱ አጭር የሆነ፣ ሰው የሚመስል ፍጡር ነው። አንድ ቀን ጋንዳልፍ የሚባል አስማተኛ 13 ድንኮች ያመጣበታል። ጓዳውን አራቁተው ከበሉ በኋላ፣ ዘንዶ የወረሰባቸውን ወርቅ ለማስመለስ በሌብነት ይቀጥሩታል። ደመወዙ ከትርፉ አንድ አሥራ አራተኛው ነው። እሱም በማግስቱ ጨርቄን ማቄን ሳይል ተከትሏቸው ይወጣል። ኮፍያ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ መሐረብ እንኳ የለ።

ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነበር። የፈተና ወረቀት ሲያርም አንዱ ተማሪ ባዶ የተወው ገጽ ያገኝና፣ ስለ ሆቢት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ይጽፋል። መጽሐፉ የታተመው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ግን አሳታሚው ረቂቁን ለ10 ዓመት ልጁ ሰጥቶ አስገመገመው፤ ክፍያውም አንድ ሽልንግ ነበር። ልጁ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ይወዱታል ብሎ ጻፈ። እሱ ራሱ 10 ስለሆነ ትልቅ ሰው ሆኖ መሆኑ ነው!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዘንዶው ከሞተ በኋላ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። ስማውግ ሲሞት የባርድን ከተማ አቃጥሎ ነው የሞተው። ሕዝቡ ክረምት እየመጣበት ቤት የለውም። ባርድ ከወርቁ ድርሻ ይሰጠን ይላል። የድንኮቹ አለቃ ቶሪን ግን ወርቁን ካየ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። በሩን በድንጋይ ዘግቶ «አንዲት ሳንቲም አልሰጥም» ይላል። ከውጭ የሰዎችና ኤልፍ የሚባሉ የጫካ ፍጡራን ጦር፣ ከውስጥ እልኸኛ ድንኮች። መሐል ላይ ቢልቦ።

ቶሪን ከሀብቱ ሁሉ አብልጦ የሚፈልገው አርከንስቶን የሚባለውን ዕንቁ ነው። ዕንቁውን ደግሞ ቢልቦ አግኝቶት ደብቆታል። አንድ ሌሊት የዘብ ተራው የቦምቡር ነው። ቦምቡር ከድንኮቹ ሁሉ ወፍራሙ፣ እንቅልፍ የሚወድ ነው። ቢልቦ «አንተ ተኛ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እቀሰቅስሃለሁ» ይለዋል። ከዚያ በገመድ ወርዶ ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። ዕንቁውን አውጥቶ ለባርድ ይሰጠዋል። ይህንን ይዛችሁ ተደራደሩ፣ ሰው አይለቅ ነው ነገሩ። የኔ አንድ አሥራ አራተኛ ይህ ነው ብሎም ይከራከራል። ጠበቃ ቢሆን ይዋጣለት ነበር።

የኤልፎቹ ንጉሥ እዚሁ ቅር፣ እዚያ ብትመለስ ጉድ ይፈላብሃል ይለዋል። ቢልቦ ያመሰግናል። ግን ያን ያህል መከራ አብረን አይተን ጓደኞቼን እንዲህ ጥያቸው አልቀርም ይላል። ደግሞም ቦምቡርን እኩለ ሌሊት ላይ ልቀሰቅሰው ቃል ገብቻለሁ ይላል።

እዚህ ጋ ነው ማንበቤን ያቆምኩት። ልጁ «ቀጥል እንጂ» አለኝ። ቢልቦ ጓደኛውን ቶሪንን ከድቷል፤ ግን ለጓደኛው ሲል ነው የከዳው። ነገ ጠዋት ቶሪን ሲያውቅ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ግን ገመዱን ይዞ ወጥቶ፣ ቦምቡርን በሰዓቱ ቀስቅሶ፣ ጥጉ ላይ ተኝቶ የእንቁላል ቁርስ በሕልሙ ያያል። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚያ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ያሳድረው ነበር።

ቶሪን ሲሰማ እንደተፈራው ነው። ቢልቦን አንጠልጥሎ ከግንቡ ሊወረውረው ምንም አልቀረውም፤ ጋንዳልፍ ደርሶ ነው ያተረፈው። ይቅርታውን የሚጠይቀው በኋላ ነው፣ ከዚያ በተነሣው ጦርነት ቆስሎ ሊሞት ሲል። ጦርነቱን ራሱን ደግሞ ብዙም አናየውም፤ ቢልቦ መሐሉ ላይ ድንጋይ መትቶት ራሱን ስቶ ነው ያሳለፈው። ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦር ሜዳ የነበረ፣ የቅርብ ጓደኞቹን በዚያ ጦርነት ያጣ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው የልጆች መጽሐፍ ሲጽፍ ጀግናውን ለጀብዱ ሳይሆን ለሽምግልና መላኩ ብዙም አልገረመኝም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ይደርስበታል፣ ወይም ላይደርስበት ይችላል። እሱን ያሳቀው መጨረሻው ነው። ቢልቦ ቤቱ ሲደርስ ሞቷል ተብሎ ዕቃው በጨረታ እየተሸጠ ነው። የገዛ ራሱን ዕቃ መልሶ እየገዛ ሰበሰበ። ብዙዎቹ የብር ማንኪያዎቹ ግን እንደወጡ ቀሩ። ቢልቦ የጠረጠረው ዘመዶቹን ነው። እኔም እነሱን ነው የምጠረጥረው።